በአባያ በኩል ያለው ግድግዳ

ሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 2003

ጣቴ ገባ። በሁለት ጡቦች መካከል ሰደድኩት፣ እስከ አንጓው ገባ። የያዛቸው ሲሚንቶ እንደ ዱቄት እግሬ ላይ ወረደ። ከመስኮቱ ግራም ቀኝም እንደዚያው ነው። በአባያ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ዝናብ ይህን ግድግዳ ስንት ዘመን ሲደበድበው ኖሯል፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለም ይታሰብበታል እያልን ነው የተውነው።

ለአስቴር ባልነግራት ይሻል ነበር። ትናንት ከሐዋሳ ስትደውል አፌ አላርፍ ብሎ፣ ዝናቡ በታምራት ክፍል ገብቶ ፍራሹን እንዳራሰው ነገርኳት።

"በቃ እማዬ፣ ቤቱ ይሸጥና ከእኛ ጋር ኑሪ።"

አልሸጥም አልኩ።

"የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። ያኔም ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ይዤሽ ነው የምሄደው። እሺ በይ።"

በንዴት እሺ አልኳት። ቃል ወጣ።

ልጄ ክፉ አይደለችም። ወንድሟ ታምራት ከሞተ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ብቻዬን መሆኔ ያስፈራታል። ግን ሐዋሳ ሄጄ ምን እሆናለሁ? በሰው ሳሎን የተቀመጠች ሐዘንተኛ። እዚህ ቢያንስ ግቢው ሥራ ያዘኛል። የታምራት መቃብርም እዚህ ነው።

ግንበኛ ፈልጌ ነበር። አንዱ አይቶት "እማማ፣ ይሄ ፈርሶ በብሎኬት ነው የሚሠራው" ብሎኝ ሄደ። ሌላው እመጣለሁ ብሎ ቀረ። እኔው እሠራዋለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ልል የሆነውን ሁሉ ፍቄ ማውጣት ጀመርኩ። በታምራት ካቻቢቴ። ባጃጁን ሲፈታታ የሚይዘው፣ እጀታው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለው ነው። መጀመሪያ ስይዘው የእሱ እጅ ያለሰለሰውን ቦታ ፈለግሁ። በኋላ ሥራው አስረሳኝ። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፣ ግን እውነት ነው።

ከሰዓት ጎረቤቴ ብርቱካንና ሁለት የእድር ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጡ። ቤት ውስጥ ሲያጡኝ ወደ ጓሮ ዞሩ።

"አንቺ ሴትዮ! ሐዘንተኛ ግድግዳ ትፍቃለች?"

"ግድግዳው ሐዘንተኛ መሆኔን መቼ ያውቃል? ያፈሳል።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የታምራት አልጋ ላይ ይተኛና ዝናብ ሲመጣ ይንገረኝ።"

ብርቱካን ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐዘን ቤት ነውና።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ሲሚንቶ አለኝ። የታምራት መቃብር ሲሠራ የተረፈው ነው፣ ግማሽ ከረጢት ያህል፣ ጎተራው ውስጥ ቆጥ ላይ አስቀምጬው ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ከፈትኩት፤ ዳር ዳሩ ጓጉሏል፣ መሃሉ ደህና ነው። ብርቱካን ሰማችና ደነገጠች። "ከመቃብር የተረፈ ቤት ውስጥ አይገባም!" አለች። የልጄ ነው፣ ምን ያደርገኛል? አልኳት። 

አሸዋ ነፋሁ፣ አቦካሁ፣ ከጥዋት እስከ እኩለ ቀን በማንኪያ እየጠቀጠቅሁ ሞላሁ። ፀሐዩ ጭንቅላቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ስጨርስ ግድግዳው አዲስ መሰለ። እራት ሳልበላ ተኛሁ፤ ከደስታም ከድካምም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

ወደቀ። ጠዋት በጥፍሬ ብነካው ተፈረፈረ። ሥሩን ስጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ተላቀቀ። መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለግድግዳው ነው ብል ውሸት ነው። ሁሉንም በአንድነት አለቀስኩ።

ወደ አስቴር ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በነበርኩበት ጊዜ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። መፍተያ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ እንደ ጉም ያለ ውሃ ይረጩ ነበር። አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጣጠስ ነበር። ለምን ይህን አሰብኩ? ከዚያ ገባኝ። እኔ እርጥቡን ሲሚንቶ በእሳት ፀሐይ፣ በደረቀ ጡብ ውስጥ ነው የወተፍኩት። ጡቡም ፀሐዩም ውሃውን መጠጡበት፤ ሳይጠነክር ደረቀ።

የሞላሁትን ሁሉ ፍቄ አወጣሁ። ከንቱ ድካም ይመስላል፣ ግን ልቤን ቀለል አለው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ዛሬ የሆነውን ታምራት ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር። (ምን ብዬ ጻፍኩ! ይሁን፣ አልሰርዘውም።)

ፀሐዩ ወደ ቤቱ ፊት ለፊት እስኪዞር ጠበቅሁ፣ ጓሮው ጥላ ሆነ። ጡቡን ውሃ አጠጣሁት፣ እስኪጠግብ። ከዚያ ከከረጢቱ የቀረውን ሲሚንቶ ጥቂት ጥቂት እያቦካሁ መሙላት ጀመርኩ። አጽናኞቼ መጡ። ገብቼ እንደማልቀመጥ ሲያውቁ ወንበራቸውን ይዘው ጓሮ ሰፈሩ። ትንሽ ቆዩና ብርቱካን ወንፊቱን ከእጄ ነጠቀች።

"አሸዋ እንዲህ አይነፋም። ጠጠሩን ሁሉ አሳለፍሽው እኮ!"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?"

"ዝም ብለሽ ሙዪ።"

አንደኛዋ ውሃ ቀዳች። ሌላዋ፣ ከጨንቻ የመጣችው አበበች፣ ያልሞላሁትን ቀዳዳ በጣቷ እያሳየች እንደ አለቃ አዘዘችኝ። "እዚህ ጋ! እሱን ምነው ዘለልሽው?" ሲመሽ የሁላችንም ቀሚስ ግራጫ ሆኖ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሲሚንቶ ተቀብተው ሄዱ።

ፀሐይ እንዳያገኘው ከጓሮዬ ሙዝ ቅጠል ቆርጠን፣ ከጣራው ጠርዝ በገመድ አንጠልጥለን ግድግዳውን አለበስነው። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 12

ዝንጀሮዎች! ከታች ካለው ደን መጥተው ቅጠሉን ዘነጣጥለው አወረዱት። ውሃ ይዤ ስወጣ አንዱ ትልቁ አጥሩ ላይ ተቀምጦ አፈጠጠብኝ። በመጥረጊያ አባረርኩት።

"ሙዝ ያለ መስሏቸው ነው" አለች ብርቱካን። "ቅጠል ብቻ ሲሆንባቸው ተናደዱ።"

አዲስ ቅጠል ሰቀልን። ሲሚንቶውን በጥፍሬ ሞከርኩት። አልተነካም! ጥፍሬ ነው የተሰበረው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 17

አስቴር ቀትር ላይ ደረሰች። ግድግዳውን በውጭ አየችው፤ ቀጥ ያላሉትን መስመሮች እያየች "ጠማማ ነው" አለች። ልክ ናት። "የመጣሁት ለመልኩ አይደለም" ብላ ደግሞ ጨመረች።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአባያ በኩል ጠቆረ። ንፋሱ ዝናቡን አግድም አድርጎ አመጣው፣ ቆርቆሮው ጮኸ። ሁለታችንም የታምራት ክፍል ገብተን አልጋው ላይ ተቀመጥን።

ከመስኮቱ ሥር የመዳፍ ያህል እርጥበት ወጣ። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት። ትራሱን አስጠግቼ ልከልለው እችል ነበር። "አየሽ፣ እዚያ ጋ" አልኳት።

ተነስታ ዳሰሰችው። በጣቷ ወደ ላይ ተከተለችው። በመስኮቱ እንጨት በኩል ነው፣ መስታወቱ የላላ ነው። ከዚያ መዳፏን ጡቦቹ ላይ አድርጋ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደች። 

"ግድግዳውስ?" አልኳት።

"ደረቅ ነው።"

"ምን አልሽ? ዝናቡ ይጮሃል።"

"ደረቅ ነው አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!"

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። አብረን አለቀስን። የወንድሟ አልጋ ላይ፣ ፍራሹ ሳይርስ።

እሑድ፣ መጋቢት 18

ልብሴን ልትከትበት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጥታ ነበር። ጠዋት ከጓሮ ማንጎ ለቅማ ሞላችው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ለመስኮቱ ምን ላድርግ ብላት "አንቺ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ሻንጣው ከብዷት ሁለት ሰው ነው ያነሳላት።