ኮምፒዩተሩ ያልዋጠው ፌርማታ

ኮቻባምባ፣ ኦገስት 9 ቀን 2023

ልጄ ኔልዳ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ሳንቲያጎ ብርዱ እንደጠናባችሁ ሰማሁ። አምና የሠራሁልሽን አረንጓዴ አንገትጌ ያለውን የአልፓካ ሱፍ ሹራብ ትለብሽዋለሽ? በስልክ ሁለቴ ስጠይቅሽ ሁለቴም ወሬ ቀየርሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ድስቶቼ ግን አይሸጡም። አንቺ የምትሠሪበት ድርጅት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሣለው የሚኒባስ ካርታ ከተለጠፈ ወዲህ፣ ሱቄ ፊት ያለው «ሰባት ቁንዶ በርበሬ» ፌርማታ የለም። ጠማማው መንገዳችን በማስመሪያ የተሠመረ መስሏል፤ ያምራል። ሃያ ዓመት ደጄ ላይ ሲቆም የኖረው ሹፌር ዶን ሩፊኖ ግን አሁን ዝም ብሎኝ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲይዘው መስኮቱን ደበደብሁ።

«ዓይንህን አመመህ እንዴ?»

«ዶኛ ሳቱ፣ ካርታው ላይ የሌለ ቦታ ብቆም ቅጣቱን አንቺ ልትከፍዪልኝ ነው?»

«ታዲያ ደንበኛዬ የሃያ ሊትር ድስት ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ትሂድ?»

«ዝናብ ከመጣ ይጠቅማታል!» ብሎኝ ነዳው።

አንቺ ደግሞ «እማዬ፣ ማንም ሰው አልመረጠም፤ ፌርማታዎች ሲቀራረቡ ስማቸው እንዳይደራረብ ኮምፒዩተሩ አንዱን ይውጠዋል» አልሽኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ፤ ማንም አልነካውም የሚባል ሚዛን ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ከሥሩ ነው። እሑድ ሱቄን ዘግቼ መስመሩን በእግሬ ለካሁት። ከእኔ ደጅ እስከ ገበያው በር አራት መቶ አሥር እርምጃ፤ የእኔው ተውጧል። ከዚያ ይበልጥ የሚቀራረቡትም ሁሉ ተውጠዋል። ከፋርማሲው እስከ ድልድዩ ግን መቶ ሰማንያ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ስማቸው ሳይነካ ካርታው ላይ አሉ። ማታ ደብተሬ ላይ «ድልድዩን ሰው አስተርፎታል» ብዬ ጻፍሁ።

የድልድዩ ነጋዴዎች ጉቦ ሰጥተው ይሆናል ብዬ በማግስቱ ሄድሁ። ነጋዴ የሚባል የለም። አንድ ጎማ ጠጋኝና አንድ ሰማያዊ በር ብቻ። በሩ ተከፈተና አባትሽ በክራንች ወጣ።

ጥሎን ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

«ስኳሩ ነው፣ ሳቱ» አለኝ።

«ፌርማታው ደጅህ ላይ መሆኑ በጀህ።»

«አዎ... አንድ ደግ ሰው አስቀረልኝ።» መሬት መሬት ያያል። ውሸት ድሮም አይሆንለትም። የለበሰው ሹራብ አንገትጌው አረንጓዴ ነበር።

አልሰደብሁትም። ሚኒባሱ እስኪመጣ አብሬው ቆሜ፣ ሲሳፈር ክራንቹን ያዝሁለት።

ልጄ፣ ድልድዩን እንዳትነኪው። ነገር ግን አንድ ፌርማታ ከኮምፒዩተሩ አፍ ያስጣለች እጅ ለሁለተኛው አትደክምም፤ ስሙ ከረዘመ «ቁንዶ በርበሬ» ብቻ ይበቃኛል።

መንገድሽ ሁሉ ቅን ይሁን፣ የሚያሳፍርሽም ሹፌር አትጪ።

እናትሽ ሳቱርኒና

ሌላ ሹራብ ጀምሬልሻለሁ። ያኛው ለትከሻሽ ሰፊ ነበር።