ንቅንቅ አትልም የተባለችው ኮከብ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ እንዴት ናት? ጎኗ አሁንም ይቆስላል ወይስ አዲሱ ፍራሽ ትንሽ ረዳት? ምግብ ትቀምሳለች? ታናሻችን ሚጢጢስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ከማጉያው መነጽር ብዛት እንባ እያቀረረ ያስቸግረኛል።

ሰማይ የምታጠና እህት አለችኝ እያልክ ልብስ ሊያስጠብብ ለመጣው ሁሉ ታወራለህ አሉ። ጉዴን ብታውቅ አፍህን ትይዝ ነበር። የምሠራው መስኮት በሌለው ምድር ቤት ነው። በሩ በካርድ ይከፈታል፤ ካርዱ እንቢ ካለ ደግሞ ዘበኛው ምሳውን ጨርሶ እስኪመጣ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ማታ የምገባባት ክፍል አልጋዋ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካለች። ሰማዩን ቀና ብዬ ካየሁት ስንት ጊዜዬ መሰለህ!

ሥራዬን በቅጡ አስረድቼህ አላውቅም። ድሮ ሰማይን ፎቶ የሚያነሡት በመስታወት ላይ ነበር። ኮከቡ መስታወቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ በደመቀ ቁጥር ነጥቡ ይተልቃል። የመቶ ዓመት መስታወት እዚህ በየመሳቢያው ተደርድሯል። እኔ ነጭ ጓንት አጥልቄ አንድ በአንድ አወጣና ከሥሩ መብራት አብርቼ ነጥቦቹን እለካለሁ።

የምከታተላቸው ግዙፍ ሰማያዊ ከዋክብት ናቸው። ከፀሐይ በብዙ አሥር እጥፍ ይከብዳሉ፤ የአንዳንዶቹ ብርሃን ከፀሐይ ሚሊዮን እጥፍ ይደርሳል። ያ ሁሉ ብርሃን ከውስጥ እየገፋ አላስቀምጥ ስለሚላቸው የላይ ገላቸውን እየገፈፉ ይጥላሉ። ዓመታት ዝም ብለው ይቆዩና ድንገት ያብጣሉ፤ ያን ጊዜ ሰማያዊነታቸው ይለቅና ወደ ቢጫ ይጠጋሉ፣ ለእኛ ዓይን ግን ይበልጥ ይደምቃሉ። ከዚያ ተመልሰው ሰማያዊ ይሆናሉ። ታዲያ ከእነዚህ ወገን ለመመደብ መልክ ብቻ አይበቃም። አንድ ኮከብ ሲለዋወጥ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ፣ ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢመሳሰልም፣ «እጩ» ተብሎ ይቀመጣል። ዕድሜ ልክ እጩ ሆኖ ቢቀር የሚከራከርለት የለም።

እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ እጩ ነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ሳያልቅ ከድንበር ከወጣሁ ፋይሌ ይዘጋል። ሥራው ከቆመ ወረቀቱም አብሮ ይቆማል። እማዬ አልጋ ላይ ስትወድቅ ያልመጣሁት ለዚህ ነው፤ ሚጢጢ ስትታመምም ያልመጣሁት ለዚህ ነው። አንዳንድ ቀን መስታወቱን ይዤ ቆሜ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጓንቱን አውልቄ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ሲለቀኝ ተመልሼ እለካለሁ።

አምና ግን የቀናኝ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ፣ ሁለት መነጽር ስለሚደርቡ በልቤ አራት ዓይና የምላቸው ሽማግሌ፣ አንድ እጩ ኮከብ ሰጡኝ። መልኩ ሁሉ ያሟላል፤ የቀረው ሲለወጥ መታየቱ ነው። ብርሃን የሚለካው አጠገቡ ካለ የማይለዋወጥ ኮከብ ጋር በማስተያየት ነው። አራት ዓይና አንዷን ጎረቤት አሳይተውኝ «ይቺን ያዢ፣ ይቺ ንቅንቅ አትልም» አሉኝ። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጎረቤት ያዙ ይላል። ሌሎቹ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ እየደበዘዙ ቢያስቸግሩኝ በእሷ ብቻ ሠራሁ። ኮከቤ ባለፉት ሰባ ዓመታት ከፍ ዝቅ ሲል አገኘሁት! ተጨበጨበልኝ። ኮከቡ ከእጩነት ከወጣ ሥራው ይቀጥላል፣ የእኔም ወረቀት ያልቃል ተባለ።

ባለፈው ሳምንት ሌሎቹ ጎረቤቶች ጥርት ብለው የሚታዩበት አንድ ሣጥን መስታወት አገኘሁና ለማመሳከር ብዬ ለካሁ። ኮከቤ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ከፍ ዝቅ ስትል የኖረችው ንቅንቅ አትልም የተባለችው ጎረቤቱ ነበረች። እሷ ስትደክም የእኔው የደመቀ ይመስለኝ ነበር።

ለአራት ዓይና ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ ይህን ሌላ ሰው እስኪደርስበት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ወረቀትሽ በእጅሽ ይገባል። የከዋክብቱ ምድብ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ላይ የሚያርፈው ፊርማ ያንቺ ነው። እስከ ሰኞ አስቢበት» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዝነውልኝ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ የሚጢጢ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንዳትቆጣት፤ ምስጢሯን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሱቁን ሳትከፍት ሁለት ወር እንዳለፈህ፣ የስፌት መኪናው ላይ ክር እንደሌለ፣ እማዬን አገላብጠህ ከጨረስክ በኋላ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ እንደምትተኛ ጻፈችልኝ። እኔ በሄድኩበት ዓመት ለራስህ የጀመርከው የመንገድ ኮት ዛሬም በአንድ እጅጌ ተሰቅሏል አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ዓመት የውጭ አገር መሄጃው ደብዳቤ ለሁለታችንም ነበር የመጣው፤ ከእማዬና ከሚጢጢ ጋር ግን አንዳችን መቅረት ነበረብን። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ምንም አልሆንም» አልከኝ። እኔም አመንኩህ፤ ማመኑ ተመቸኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ «ሁሉም እንደነበረ ነው» ብለህ ትጽፋለህ፣ እኔም በሰላም እተኛለሁ። ስድስት ዓመት አንድም ቀን ሌላ ሰው ጠይቄ አላመሳከርኩም። ስለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ወደ ቤት መመለስም ያስፈራኛል። ከአንዱ መስኮት አልባ ክፍል ወጥቼ የእማዬ አልጋ ሥር መቀመጥ፣ ዳግመኛም እዚህ አለመመለስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አለቀስኩ፣ ለማን እንደማለቅስም አላወቅኩም።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ግን ሰንጠረዡ ላይ የነበረውን ሰርዤ ከኮከቡ ስም አጠገብ «እጩ» ብዬ መልሼ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከጎረቤቷ አጠገብ ደግሞ «ትለዋወጣለች፤ ክትትል ያስፈልጋታል» አልኩ። አራት ዓይና አነበቡት፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው ወጡ። ሥራዬ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ በማግሥቱ እነሣለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ እንደምመጣ በጆሮዋ ንገራት፣ መልስ ባትሰጥም ትሰማለች። ሚጢጢን እንኳን ጻፍሽልኝ በልልኝ። አንተ በደከመህ ቀን እማዬን የምታጥብልህን ጎረቤታችንን፣ ነርሷን፣ ሁለት ጊዜ አመስግንልኝ። አንተን ግን ምን ብዬ ሰላም ልበልህ? በሩን ስትከፍትልኝ ደህና ነኝ እንዳትለኝ። አልጋው ሥር የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አንተ መኪናው ላይ ክር አስገባና የኮትህን ሁለተኛ እጅጌ ግጠም።

እህትህ

ከምድር ቤቱ፣ ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን