ዘሀራ የሰፋችው ወንዝ

ዘሀራዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ። ካንቺ ወዲህ ሁለት ረመዷን ጾምኩ፤ ሁለቱንም ብቻዬን አፈጠርኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የስፌት መኪናሽን ብቻ ለእህትሽ ሰጠኋት፤ አቧራ ሲጠጣ ማየት አቃተኝ። እኔም የባጃጅ መብራት መሥራቴን አልተውኩም።

ሰሞኑን ያ የጨርቅ ወንዝሽ ቤት መጣ። ትሰፊለት የነበረውን የቲያትር ክበብ አሁን የምትመራው ኢክራም ናት ተሸክማ ያመጣችው። ትዝ ይልሻል? ባጃጅ ጣሪያ ላይ የምዘረጋውን ሰማያዊ የሚያበራ ገመድ አየሽና፣ የጨፋ ልጅ አይደለሽ፣ ይኼማ ወንዛችን ቦርከና ነው ብለሽ ቀማሽኝ። በጥቁር ጨርቅ ላይ እያጠማዘዝሽ ስትሰፊው፣ ላግዝሽ ብዬ ክሩን ሳጠብቅ፣ «አቦ አታጥብቀው፤ ውኃ ታስሮ አይፈስም» አልሽኝ። ገመዱን የምታበራው የባትሪ ሳጥን ሲር ስትል እንዳትሰማ በሻሽሽ ጠቀለልሻት። መድረኩ ሲጨልም ጨርቁ ጠፋ፤ ውኃው ብቻ ቀረ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ እጄን ያዝሽኝ።

አሁን ታጥፎ ስለከረመ ገመዱ መሃሉ ላይ ተበጥሷል። ወንዙ እስከ እኩሌታው ድረስ ይመጣና ይጠፋል። የክበቡ ልጆች ለዒድ ሊያሳዩት ፈልገዋል፤ ገመዱን ለመቀጠል ደግሞ ስፌትሽን መተርተር ግድ ነው። ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ፤ ደግሞ ተቀመጥኩ። እጅሽ ያረፈበት፣ የቀረልኝ ነገር ያ ብቻ ነበር። ለሰው ችያለሁ፣ ሰብር አድርጌያለሁ እላለሁ፤ አንዲት ክር መልቀቅ ያቃተው ሰው ምን ሰብር አለው? ኢክራም «ጋሼ፣ ከከበደዎት ይቅር» ብላ ፊቷን አዞረች። እሷንም ስፌት ያስተማርሻት አንቺ ነሽ።

ዙሁርን ሰግጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ ስንዝር የምታህል ተረተርኩ። ገመዱን በየድኩት። መልሼ ስሰፋው እጄ እንደ ልማዱ አጠበቀው፤ ፈታሁና አላልቼ ሰፋሁት።

የዒድ ዕለት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ፈሰሰ። ሰዉ አጨበጨበ። ዓይኔ ግን ከዚያች ስንዝር፣ ያንቺ እጅ ከሌለባት፣ አልነቀል አለ። ከመጋረጃው ጀርባ እጄን የሚይዘኝ አልነበረም።

ይኼ ገመድ በበራ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይደበዝዛል፤ አንድ ቀን ጥቁሩ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። የተረተርኩትን ክርሽን ግን ከኮፍያዬ እጥፋት ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ስሰግድ ሱጁድ በወረድኩ ቁጥር አብሮኝ ይወርዳል፤ እኔም እዚያው ሆኜ ስምሽን ለጌታዬ እነግረዋለሁ፣ ወዳንቺ እስክመጣ ድረስ።