ባዶ ነው ብዬ ስላስመዘገብኩት መቃብር

ለተከበሩ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመምህራንዎ ጤናና ዕድሜ አላህ አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ሚስቴ ራቢያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከተለየችኝ ስድስት ዓመት ሆነ። እስከ ዛሬ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፤ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ፤ ጎረቤት አንዴ ቀምሶ ስለተማረ የምበላውም ራሴ ነኝ። ሐርቡ ገበያ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በምን እንደምመለስ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ይህንንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቆጠርኳት ፊደል ስጽፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና አራት ደቂቃ አይንፈጉኝ።

አንደኛ፤ በ2003 ክረምት እንየውና ሀኒ የተባሉ ተማሪዎችዎ ኮምቦልቻ ዳር ወዳለው ሰፈራችን መጡ። የከተማ፣ የክልልና የባህል ጂኦግራፊ እንደሚማሩ ሲነግሩኝ ሦስቱንም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። የሰጡኝን ካርታ ገልብጬ መያዜን ያየችው ሀኒ ሳትስቅብኝ አዙራ ስላስያዘችኝ፣ ያሳደጓትን ወላጆች አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ምሳ አቀረብኩ፤ ያንን ወጤን ሳያጉረመርሙ በሉልኝ። እንየው ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ከደጄ ፊት ለፊት ሣር የዋጠውን ሜዳ በጣቱ አሳይቶ «አባባ፣ እዚያ ምን አለ?» አለኝ። ያለው የሰፈራችን መቃብር ነው። ራቢያም እዚያ ናት። በእኛ ቤት ግን ማዕድ ላይ፣ ያውም በእንግዳ ልጅ ፊት፣ መቃብር አይነሳም። ስለዚህ «ምንም የለበት፣ ባዶ ነው፤ ብላ ልጄ» አልኩት። ወዲያው ጻፈው። የባህል ጂኦግራፊ የሚማር ልጅ፣ ማዕድ ላይ የሰማውን እጁን ከታጠበ በኋላ ደግሞ እንዲጠይቅ ቢያስተምሩት መልካም ነበር። ስላመነኝ ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ የወለድኳቸው እንኳ እንዲህ አምነውኝ አያውቁም።

ሦስተኛ፤ ከምሳ በኋላ እውነቱን ልነግረው አስቤ ነበር። እነሱ ግን «ቁልፍ መረጃ ሰጪ» ብለው ጠሩኝ። ይህን ማዕረግ ሰምቶ ሌላ ነገር ያስታወሰ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ቃሌን በጻፉበት፣ እኩዮቼ በጣት አሻራ በሚያልፉት ወረቀት ላይ እኔ በእስክሪብቶ ፈርሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ሸኘኋቸው።

አራተኛ፤ ጥናቱ ታትሞ አንድ ቅጂ ተላከልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ስሜ ያለበትን እንየው አስምሮልኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ መስጊድ ደጅ፣ ሻይ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ገጹን እየዞርኩ አሳየሁ። በመጨረሻ ጡረተኛው ፖስተኛ በሺር መነጽሩን አድርጎ አነበበልኝና «አንተ ሰውዬ፣ አባቴን ከመቃብሩ አስወጣኸው እኮ! በአብዱልወሀብ ቃል መሠረት ሜዳው ባዶ ነው ይላል» አለኝ።

አሁን ሜዳው ለጭነት መኪና ማቆሚያ ታጭቷል። የዚያ ማስረጃ ጥናታችሁ ነው፤ የጥናታችሁ ማስረጃ እኔ ነኝ። መቃብር ነው ብዬ ማዘጋጃ ቤት ልጮህ ብሄድ የራሴን ፊርማ አውጥተው አሳዩኝ። ፊርማው ደግሞ ያምራል። ዶዘሩ የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ፣ ልጆቹን መልሰው እንዲልኩልኝ፣ አለዚያም ማኅተም ያለበት ማረሚያ እንዲጽፉልኝ ነው። የቀረውን ዕዳ ራሴ እወጣዋለሁ። ሣሩን ነቅዬ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የማን እንደሆነ ስም እየጠራሁ አሳያቸዋለሁ። ገጹን ባሳየሁበት ደጅ ሁሉ ዞሬ ዋሽቼ እንደፈረምኩ በአፌ እናገራለሁ። የበሺርን አባት መቃብር አጥራለሁ፤ በሺርም አጠገቤ ቆሞ እስኪወጣለት እንዲሰድበኝ እፈቅዳለሁ። ለራቢያ የምላትን ገና አላገኘሁትም፤ እሱን ብቻዬን ሄጄ እነግራታለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እየነሳሁ፤

በጥናት የተረጋገጠው ውሸታም፣ የቀድሞ ቁልፍ መረጃ ሰጪዎ፣
አብዱልወሀብ ይመር
ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለማረሚያ የሚሆን በጀት የለንም የሚሉኝ ከሆነ ቀላል ዘዴ አለኝ። «ባዶ» የምትለዋን ቃል ከራቢያ ላይ ያንሱና ከእኔ ጭንቅላት ላይ ያስቀምጡልኝ፤ በዚያ ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ሆኖ ይፈርምልዎታል።