ሁሉም አሚን አሉ

ጭሮ፣ ማክሰኞ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፤ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላክሁልዎትን የደም ግፊት መድኃኒት ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? እማ ሹክሪያስ? ከብቶቹስ? ገለምሶ ዘነበ? እኛ ጋ ደመና ብቻ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም ደህና ነኝ የሚል ከሆነ። ሰላምታዬን ሙሉ ያደረግኩት ባለፈው ባጎደልኳት ሰላምታ ስንት እንደተባልኩ ስለማውቅ ነው፤ ዛሬ እንኳ በዚህ አይያዙኝ።

ወረቀት ላይ ደብዳቤ መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግን ከጫት ገበሬዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ በገዛ እጅዎ ካስወጡኝ ወዲህ ስልኬንም አያነሱም። ይህን ሾፌሩ ቡሽራ ከሰዓት ወደ ገለምሶ ሲመለስ ይዞልዎት ይመጣል። የምጽፈው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው፤ ሰው በገባ ቁጥር አቋርጣለሁ፣ ሲወጣ ደግሞ የት ላይ እንዳቆምኩ ይጠፋኛል። ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል።

አጎቴ፣ መጀመሪያ በአደብ ነበር የጻፍኩት። ያን ቀን የማሳዎን ፎቶ ሲለጥፉ ቅጠሉ ያብለጨልጭ ነበር፤ ሁሉም ማሻአላህ ይላል። እኔ ደግሞ ገና መረጨቱ መሆኑን አውቃለሁ። ከማን እንደሰማሁ አይጠይቁኝ። የተባይ መድኃኒቱ ከቅጠሉ ሳይለቅ ሊቆረጥ ነው። በትልልቅ ሰዎች መሃል ገብቼ ተዉ ማለት ነውር ሆነብኝና ነገሩን በዱዓ ጠቀለልኩት። ለዝናቡ ለመንኩ፣ ለሽማግሌዎቹ ለመንኩ፣ ጫት ጭነው መንገድ ላይ ላሉት ሾፌሮች ለመንኩ፤ መጨረሻ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ነገር የሚረጨውንም የሚቅመውንም ሰው እንዳይጎዳ አላህ ይጠብቀን አልኩ። ሁሉም አሚን አሉ። የተባይ መድኃኒቱን የሚሸጥላችሁ አብዱልቃዲር ሳይቀር አሚን ብሎ የጽጌረዳ ምስል ጨመረበት። እርስዎም እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገ አይከስርም ብለው ጻፉልኝ። ደስ አለኝ፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። ጫቱ ግን በማግስቱ ተቆርጦ ተጫነ።

ከዚያ አንድ በሽተኛ እንደገና መጣብኝ። እናንተ ዘንድ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ ጭሮ ድረስ የሚመላለስ ሰው ነው። መርጫ በጀርባው አዝሎ፣ አፉን በምንም ሳይሸፍን ሲረጭ የሚውል። ላብ በላብ ሆኗል፤ ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይውጣል፤ እጁ ብርጭቆ አልይዝ ብሎት የሰጠሁትን ውሃ ደረቱ ላይ ደፋው። ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ለመንኩት። አባቴ ከሰማ ደካማ ይለኛል፣ የራስ ምታት ክኒን ብቻ ስጪኝ አለ። ለማንም እንዳልናገር ወላሂ አስባለኝና፣ ባጃጅ ልጠራ ስል ጥሎኝ ወጣ። የበሽተኛ ምስጢር ነው፣ ወላሂም ብያለሁ፤ ስሙን ከእኔ አይሰሙም።

ስልኬን ያነሳሁት እሱ እንደወጣ ነው። ሰላምታ የለ፣ ዱዓ የለ። ይህ መርዝ ነው፣ ሰው እየታመመ ነው፣ አሁኑኑ አቁሙ ብዬ ለጠፍኩ። የለጠፍኩትም ከእርስዎ ፎቶ ሥር ነው። ወዲያው ግሩፑ ተንጫጫ። አንዱ ሰላምታዋን ምን በላው አለ። ሌላው ኢንተለ ኤኙቲ ብሎ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አሳምሮ እያወቀ። የመሰላ መስጊዱ ሼህ፣ ነሲሃ፣ ምክር በጆሮ ነው፣ በአደባባይ ሲሆን ማዋረድ ነው አሉ። እሳቸው እውነታቸውን ነው። እርስዎ ደግሞ፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሏት ብለው አስወጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ መርዙ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም!

አጎቴ፣ በሰው ፊት ስላዋረድኩዎ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከፈለጉ ወደ ግሩፑ መልሰው ያስገቡኝና እዚያው በድምፄ እላለሁ። ስለ ነገሩ ግን ይቅርታ የለኝም፤ ይህንንም ቢቆጡ ይቆጡ። ስጠቀልለው አላያችሁትም፤ ስገልጠው ደግሞ እኔን ብቻ አያችሁ። ታዲያ በየት በኩል ልናገር? እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይባላል። እኔ የመሸብኝ እርስዎ ደጅ ላይ ነው፤ ሌላ ማደሪያ የለኝም።

ማሳው ሐሙስ እንደገና እንደሚረጭ ሰምቻለሁ። በአላህ ይሁንብዎ፣ የሐሙሱን ያስቀሩልኝ። ቅጠሉን ትል ቢበላው ይብላው። ከዚያ በኋላ ስለ ቅጠሉ የግብርና ባለሙያ ይጠየቃል፤ እኔን ደግሞ እንዳሻዎ ይቅጡኝ። ቡሽራ ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን እየነፋብኝ ነው፣ እጽፋለሁ ያልኩት ግማሹ ቀረ።

ለእማ ሹክሪያና ለሳብሪና፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ለልጅዎ ለጃዕፈር የምልከውን ሰላምታ ግን በቃል ብቻ አያድርሱልኝ። ዛሬ ከማሳ ሲመለስ እጁን ይጨብጡልኝ፤ ሲጨብጡትም ቶሎ አይልቀቁት።

አላህ ቤትዎን ከነልጆችዎ ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜዎንም ከጤና ጋር ያርዝምልኝ።

እርስዎ ያሳደጓት፣ የወንድምዎ ልጅ