የጋሽ ማርቆስ ፍላሽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት ኮምፒውተሯን ዛሬም ተሸክማ ሱቄ መጣች። "አዲስ ዲስክ አስገብተህልኝ ቫይረሱ እንዴት ተመልሶ ይመጣል?" አለችኝ። እኔም ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ከአምራቹ ትክክለኛ ፋይል ጋር አስተያየሁት። አይገናኙም። ቫይረሱ የተደበቀው እዚያ ነው፤ ዲስክ ቢቀየር አይነቀልም። ባለፈው ቦርዱ ሞቶ ስታመጣው ያን ባዮስ የጫንኩት ደግሞ ራሴ ነኝ፣ ከጋሽ ማርቆስ ፍላሽ።

ጋሽ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ በነበረችው ጠባብ ሱቃቸው ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ኔትወርክ ጠፍቶ ከአምራቹ ማውረድ ባልቻልን ቁጥር የሞተ ቦርድ የምናስነሳው በዚያ ፍላሽ ነበር። ስክሪኑ ብልጭ ሲል "ነፍስ ዘራ!" ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይመቱት ነበር። ያቺ ሱቅ ዛሬ በጣም ናፈቀችኝ። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች ከየት እንዳወረዷቸው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ሲያርፉ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር "አደራ፣ ሥራው እንዳይቋረጥ" ብለው ፍላሹን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ለመምህርቷ ንጹሑን የአምራቹን ባዮስ ጫንኩላት። ነገ በዚያ ፍላሽ ቦርድ ላስነሳሁላቸው ሰዎች ሁሉ መደወል አለብኝ። መጀመሪያ የምደውለው ለእትዬ አስቴር ነው፤ የልጃቸውን ኮምፒውተር ያስነሳሁት በዚሁ ነው። ምን ብዬ ልጀምር?