የምተፋው ቀይ ወይን ጠጅ

ሐምሌ 11፣ ማታ

ዛሬም ዝናብ። ከሆቴሉ ባር ሐይቁ አይታይም። ከአዲስ አበባ ለመጡት ሰሚናርተኞች ቀዩን ወይን ጠጅ ከፈትኩ። ሁለቱ ጠርሙስ ኮምጣጤ ሆኗል። መጋዘኑ እርጥበት ነው፣ ቡሹ ይበሰብሳል። ሥ/አስኪያጁ ሳይቀመስ ለእንግዳ እንዳይቀርብ ብሏል፤ ቀማሹ እኔ።

ይሄ ቀይ ከባድ ነው፣ ጥቁር ለመባል ምንም አይቀረውም። በብርድ ይኮሳተራል፣ ምላስ ይይዛል። ምድጃው አጠገብ ትንሽ ሲቆም ነው የሚፈታው። በአፌ አዙሬ አየዋለሁ፣ ባልዲው ውስጥ እተፋለሁ። ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ጴንጤው ባርማን እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እዚህ ባር ከገባሁ አንዲት ጠብታ አልዋጥኩም።

ማቴዎስ እንደ ልማዱ ከቢሮ ሲወጣ ጎራ አለ። ኮቱ በስብሷል። የልጅነት ጓደኛዬ፣ በጸሎትም ወንድሜ። ብርድ ገደለኝ አለ፣ ቀዳሁለት። እሱ ባልዲ አይፈልግም። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ፤ ጓደኛ አይደል?

ሐምሌ 14

ደስ ብሎኛል! ላገባት የጠየቅኳት የማርታ አባት አቶ ላሊሞ እሺ ሊሉ ነው። የቀረው ምስክር ብቻ። በእኛ ዘንድ ለማግባት የጠየቀ ወንድ ስለ ኑሮው የሚመሰክርለት አንድ የጸሎት ወንድም ይጠራል። እሱ ካልቆመለት እጮኝነቱ አይነገርም። ከማቴዎስ ሌላ ማንን ልጥራ? ስነግረው አቀፈኝ። ብርጭቆውን ጨርሶ ድገመኝ አለ።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

መጻፍ አልቻልኩም። ልሞክር።

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንሰበሰበው ከከተማ ወጣ ብሎ ቱላ፣ አቶ ላሊሞ ቤት ነው። ቀበሌ እንዳይሰማ በለሆሳስ ዘመርን። ማርታ ከጓዳው በር አጠገብ ቆማለች። ማቴዎስ ተነሣ። መሬት መሬት እያየ፣ ይጠጣል አለ። እኔን ነው! በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዝም ብል እግዚአብሔርን እፈራለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ምን ዓይነት መጠጥ እንደሆነ ጠየቁት። ከባድ ቀይ ወይን ነው፣ መጀመሪያ ምላስ ይይዛል፣ ሲወርድ ግን ደረት ያሞቃል አላቸው።

ደረት ያሞቃል! እኔ ይሄን አላውቅም። ከጉሮሮ በታች ምን እንደሚሠራ በምን አውቄ? እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ ግን ጩኸት ጎረቤት ያስነሣል፣ ጎረቤት ቀበሌን ያመጣል። አቶ ላሊሞ ነገሩ ይቅር አሉ። ማርታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐምሌ 22

ገባኝ። የማርታ ታላቅ እኅት ሣራ ሆቴል ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ለካ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ቀደም ብለው ማቴዎስን ወይን ወይን ትሸታለህ ብለውታል። እሱም ጓደኛዬን ከመጠጥ ልመልስ እየሄድኩ፣ የሱ ሽታ ነው ብሏል። ቀደም ብሎ! ሲያቅፈኝ ይሄን ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ምን በደልኩት? ተናድጃለሁ። ከንዴቱ ይልቅ ግን እፍረቱ፤ እንዲህ ተሞኝቼ ማመኔ። ማርታስ ምን አለች? አልኳት። ታለቅሳለች አለችኝ።

ሐምሌ 25፣ ማታ

መጣ! በዚያ ዝናብ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዓይኔን ሳያይ ስለ ብርዱ ያወራል። ምድጃው አጠገብ የቆመውን ጠርሙስ አንሥቼ በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። አንዱን ለሱ ሰጠሁት። የራሴን በአፌ አዞርኩት። ባልዲውን አየሁት።

ዋጥኩት።

ማቴዎስ ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ምን ነካህ ይለኛል፣ እኔን!

ደረት ያሞቃል የተባለው እኔን አላሞቀኝም። ነገ ቱላ እሄዳለሁ። ለአቶ ላሊሞ፣ ማርታ እየሰማች፣ ጠጥቻለሁ እላቸዋለሁ፤ አሁን እውነት ሆኗል። ወይኑ ሲወርድ ደረት እንደሚያሞቅ ማቴዎስ በምን እንዳወቀ ግን ራሳቸው ይጠይቁት።